ዕዳህን ማን ያውቃል?

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው፤ በዕብራይስጥ። ከላይ የፋይል ቁጥር፣ ከሥሩ የባለገንዘቡ ስም፣ ቀጥሎ የባለዕዳው የመታወቂያ ቁጥር ሰፍሯል። ባለገንዘቡ አንድ የሞባይል ስልክ ድርጅት ነው። ባለዕዳው ሃያ ዓመት ያልሞላው ወታደር ነው። ዋናው ዕዳ ከ1,000 ሸቀል እምብዛም አይበልጥም። ከታች ግን ወለድ አለ፣ የጠበቃ ክፍያ አለ፣ የፋይል መክፈቻ አለ፤ መጨረሻው መስመር ላይ ያለው ድምር ሦስት እጥፍ ሆኗል።

እናትየው ወረቀቱን ያወጡት ከማቀዝቀዣው አናት ላይ ከተቀመጠ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ቤታቸው ፔታህ ቲክቫ መሀል ከተማ፣ ከሃይም ኦዘር ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ሌሎች ፖስታዎችም አሉ፤ ግማሾቹ እንደታሸጉ ናቸው።

«እትዬ፣ ይሄኛው መቼ ነው የመጣው?» አልኳቸው።

«ከሲግድ በዓል በፊት መሰለኝ። ልጁ ጻቫ (ሠራዊት) ነው፤ ዓርብ ዓርብ ደክሞት ነው የሚመጣ። ምን ብዬ አስጨንቀዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። እጄ ላይ ትንሽ ሲገባ እኔው ሄጄ እከፍለዋለሁ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

የስልኩን ውል ልጁ የፈረመው 18 ዓመት በሞላው ሰሞን ነው። የእናትየው የባንክ ሒሳብ ታግዶ ስለነበር የቤቱ ስልኮች ሁሉ በእሱ ስም ወጡ። ከዚያ ሠራዊት ገባ። ኮርሱን በደንብ ጨርሶ ከፍ ያለ የምስጢር ፈቃድ ወደሚጠይቅ ክፍል ተመደበ። መጠይቅ ተሰጠው፤ ሞላ። ዕዳ አለብህ ወይ፣ በሆጻአ ላፖአል፣ በዕዳ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት፣ የተከፈተብህ ፋይል አለ ወይ ለሚለው «የለም» ብሎ ጻፈ። መዋሸቱ አልነበረም፤ ስለማያውቅ ነው። ወረቀቱ በዚያን ሰዓት ቆርቆሮው ውስጥ ነበር።

ሲቩግ ቢታኾኒ የምንለው የደኅንነት ማጣሪያ እስራኤል ውስጥ በአንድ ቢሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ወታደሩን የሚያጣራው የሠራዊቱ የመረጃ ደኅንነት ክፍል ነው። የመከላከያ ሚኒስቴር ሠራተኞችንና ለሠራዊቱ የሚያመርቱ ድርጅቶችን የሚከታተለው ማልማብ የሚባለው የሚኒስቴሩ ክፍል ነው። ለሌሎች ብዙ የመንግሥት ቦታዎች ደግሞ የአገር ውስጥ ደኅንነት ድርጅቱ ሻባክ በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው ሕግ መሠረት ሰውየው ለቦታው ይሆናል አይሆንም የሚለውን ይመረምራል። መጠይቁ ረጅም ነው። የት ተወለድክ፣ የት የት ኖርክ፣ ወደ የትኛው አገር ሄድክ፣ ውጭ አገር ማን ዘመድ አለህ፣ ዕፅ ሞክረህ ታውቃለህ፣ ቁማር ትጫወታለህ፣ ዕዳ አለብህ? ከዚያ የሚያውቁህን ሰዎች ስም ትሰጣለህ፤ ይደወልላቸዋል። ቃለ መጠይቅ ይከተላል። ለአንዳንዱ ቦታ ፖሊግራፍም አለ።

ይህ ለፔታህ ቲክቫ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1878 የእርሻ ሰፈር ሆና የተቆረቆረችው ከተማ ዛሬ ከኪርያት አርዬ እስከ ሰጉላ ድረስ ቢሮና ፋብሪካ ነች። ቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ ቅርቧ ነው። በኦገስት 2023 ሥራ የጀመረው ቀዩ የቀላል ባቡር መስመር ከማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያዋ ተነስቶ፣ የቤሊንሰን ሆስፒታልን አልፎ፣ ቴል አቪቭ ይገባል፤ ሻኡል ሃሜሌኽ ጣቢያ የሚወርድ ወታደር ከዚያ ኪርያ፣ ማለትም የሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ድረስ፣ በእግሩ ይደርሳል። ከእኛ ሰው፣ ከኢትዮጵያ ከመጣነው ቤተ እስራኤላውያን፣ ውስጥ በአየር ማረፊያ ጥበቃ የሚሠራው፣ በመከላከያ ፋብሪካ የሚገጣጥመው፣ ልጁን ለመረጃ ክፍል የላከው ብዙ ነው። ምስጢር ያለበት ግቢ ውስጥ ወለል የሚወለውል ሰው ራሱ ሳይጣራ በሩን አያልፍም። ስለዚህ የማጣሪያው ጥያቄ ለመኮንኖች ብቻ የቀረበ ጥያቄ አይደለም፤ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ታዲያ መንግሥት በእኔ ዕዳ ምን አገባው?

መልሱን ከሩቅ አገር እንጀምረው። አልድሪች ኤምስ የሲ.አይ.ኤ. ሠራተኛ ነበር። ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር ሲፋታ ዕዳ ተከመረበት። በኤፕሪል 1985 ዋሽንግተን ያለው የሶቪየት ኤምባሲ በገዛ እግሩ ገብቶ ለምስጢር 50,000 ዶላር ጠየቀ። ፌብሩዋሪ 1994 እስኪያዝ ድረስ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀበለ፤ አሳልፎ ከሰጣቸው ሰዎች መካከል የተረሸኑ አሉ። በመሀሉ 540,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት በጥሬ ገንዘብ ገዛ፣ ጃጓር እየነዳ መሥሪያ ቤት ገባ፣ ሁለት ጊዜም ፖሊግራፍ አለፈ። አሜሪካኖች ከዚያ ወዲህ የሠራተኞቻቸውን ኪስ ጠበቅ አድርገው ማየት ጀመሩ፤ ባዶውንም፣ ድንገት የሞላውንም።

እዚሁ አገራችን ደግሞ ነገሩ ከዚያ ያነሰ ይመስላል፤ ግን ይቀርበናል። ከ2024 ወዲህ ኢራን በቴሌግራም መልእክት የመለመለቻቸው እስራኤላውያን በተከታታይ ሲያዙ ሰምተናል። አጀማመሩ ትንሽ ነው። ግድግዳ ላይ ጻፍ፣ ይህን ሕንፃ ፎቶ አንሣ፣ መኪና አቃጥል፤ ለእያንዳንዱ የተወሰነ ክፍያ። ጥያቄው ሲከብድ ሰውየው መመለሻ የለውም። በጃንዋሪ 2025 ይፋ በሆነ ጉዳይ ሁለት ተጠባባቂ ወታደሮች ታስረዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ኪፓት ባርዜል በሚባለው የሮኬት መከላከያ ክፍል ያገለገለ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ መንግሥት «ቀላል ገንዘብ፣ ከባድ ዋጋ» በሚል መፈክር በሬዲዮና በኢንተርኔት ዘመቻ ከፈተ። የዘመቻው ስም ራሱ መልማዮቹ ማንን እንደሚፈልጉ ይናገራል፦ የወሩ መጨረሻ የጨነቀውን።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መርማሪው የባለዕዳውን ድህነት እየመዘነ ይመስለናል። ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ግን ሰውየውን ማን ሊይዘው እንደሚችል ማወቅ ነው። አንድ ሰው 200,000 ሸቀል ዕዳ አለበት እንበል። ፋይሉ ተመዝግቧል፣ በየወሩ የተወሰነለትን ይከፍላል፣ ሚስቱ ታውቃለች፣ አለቃው ያውቃል። ይህን ሰው «ዕዳህን እናገርብሃለሁ» ብሎ የሚያስፈራራው ማን ነው? ሌላው ሰው ደግሞ 8,000 ሸቀል ብቻ ከሹክ አፎር፣ ከአራጣ አበዳሪ፣ ወስዷል። ለማንም አልተናገረም። አበዳሪው የሚሠራበትን ቦታ ያውቃል፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ያውቃል። በገንዘቡ መጠን ሁለተኛው ይሻላል፤ ለምስጢር ጠባቂነት ግን የሚያሰጋው እሱ ነው። መርማሪ ዕዳ ሲያይ ሌላም ነገር ይጠረጥራል፦ ቁማር አለ ወይ፣ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ነው ወይ፣ ደብዳቤ ሲመጣለት ዝም የሚል ነው ወይ። መጨረሻ ላይ ያልኩት ለእኛ ከባዱ ነው፤ ዝምታ በቤታችን ብዙ ጊዜ ጨዋነት ነውና።

የእኛ ሰው ዕዳ የራሱ መንገድ አለው። በ1984ና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን የገቡት ወላጆቻችን አብዛኞቹ ከባንክ ጋር የማይተዋወቁ ገበሬዎች፣ ሸማኔዎች፣ አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ መንግሥት ከካራቫን ሰፈር ወጥተው ቤት እንዲገዙ ልዩ ማሽካንታ ሰጣቸው፤ ከገንዘቡ የሚበዛው ስጦታ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ የቤት ባለቤት ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ መካድ አይገባም። ቀሪው ግን ብድር ነበር። ከብድሩ ጋር የባንክ ሒሳብ መጣ፤ ከሒሳቡ ጋር ሚኑስ፣ ማለትም ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣት፤ ከሚኑሱ ጋር ለሠርግ አዳራሽና ለባር ሚጽቫ በአሥር ወር የሚከፋፈል የቼክ ደብተር። በ1981 የወጣው ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ 10 ቼክ ያለ ስንቅ ከተመለሰ ሒሳቡ ለአንድ ዓመት ይታገዳል ይላል። የአንዲት ሴት ሒሳብ ሲታገድ በቤቱ ውስጥ ንጹሕ ስም ያለው ማን ነው? 18 ዓመት የሞላው ልጅ። ስልኩ፣ የመኪናው ኢንሹራንስ፣ የማጠቢያ ማሽኑ ውል ወደ እሱ ስም ይዞራል። ልጁ አንዲት ሸቀል ሳይበላ ባለዕዳ ይሆናል።

ዋስትናው ደግሞ አለ። በድሮው የአገር ቤት ሥርዓት ባለዕዳና ባለገንዘብ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር፤ የሚፈታቸው ዋስ ሲገኝ ነው። በዚያ ዓለም ለወንድም ዋስ አለመሆን ወንድምን እንደታሰረ ትቶ መሄድ ነው። ያንን ልብ ይዘን ነው ባንክ ቤት ገብተን «አሬቭ» በሚለው ቦታ ላይ የምንፈርመው። በ1967 የወጣው የዋስትና ሕግ ለግለሰብ ዋስ መጠነኛ መከላከያ ይሰጣል፤ ዋናው ተበዳሪ መክፈል ሲያቅተው ግን ደብዳቤው ወደ ዋሱ ይመጣል፣ ደመወዙ ላይ ኢኩል፣ ማለትም እገዳ፣ ይወድቃል። ለአጎቱ ፈርሞ የረሳውን ዋስትና ማጣሪያ ላይ ሆኖ ከሌላ ሰው አፍ የሚሰማ ሰው አለ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የዕቁቡ ነገር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየወሩ ዕቁቧን ሳታጓድል የጣለች ሴት በማኅበረሰባችን ውስጥ ስሟ እንደ ወርቅ ነው። ይህ ስም ግን የትም አልተመዘገበም። የእስራኤል ባንክ በኤፕሪል 2019 ሥራ ያስጀመረው የብድር መረጃ ቋት ከባንኮች፣ ከክሬዲት ካርድ ድርጅቶች፣ ከሆጻአ ላፖአልና ከኪሳራ ጉዳይ ፋይሎች ይሰበስባል። ዕቁብ አያውቅም። ሳይከፈል ቀርቶ ሆጻአ ላፖአል የደረሰ አንድ የስልክ ሒሳብ ግን ያውቃል። የታማኝነታችን ማስረጃ በቃል ቀረ፤ የጉድለታችን ማስረጃ በኮምፒውተር ተቀመጠ። ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው ወደ እስራኤል ለመግባት ለሚጠብቁ ዘመዶች በየወሩ የሚላከው ገንዘብም እንዲሁ ነው። ለላኪው ግዴታና ፍቅር ነው፤ መጠይቅ ላይ ሲሰፍር «ውጭ አገር ገንዘብ ትልካለህ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ያስከትላል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ወረቀቱን ባየሁበት ሳምንት ዓርብ ሲመጣ እናትየው ከሻባት እራት በኋላ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡለት። እሑድ ወደ ክፍሉ ሲመለስ መጀመሪያ ያናገረው ማሽኪት ታሽን፣ የወታደሮችን የኑሮ ችግር የምትከታተለዋን፣ ነው። ከዚያ ለደኅንነት ኃላፊው አንድ ገጽ ጻፈ፦ መጠይቁን ስሞላ ይህን ፋይል አላውቅም ነበር፣ ያወቅሁት በዚህ ቀን ነው፣ ክፍያው እንዲከፋፈል ጠይቄአለሁ፣ ወረቀቱ ይኸውና። ማጣሪያው ዘገየ እንጂ አልተዘጋበትም። ማንም ሳይጠይቀው ቀድሞ መናገሩ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዕዳው ሦስት እጥፍ መሆን ይልቅ የሚመዝን ነው።

ቀድሞ መናገር እንደሚያቀልል በአሜሪካ በመመሪያ ተጽፏል። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቻችን «ክሊራንስ» የሚሉትን ያውቁታል፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ያለ የኮምፒውተርና የጥበቃ ሥራ ብዙው ያለዚያ አይገኝም። ከጁን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የማጣሪያ መመሪያ 13 ርእሶች አሉት፤ ስድስተኛው ገንዘብ ነው። መመሪያው ለማንም ክፍት ነው፣ ማንም ሊያነበው ይችላል። ዕዳ መክፈል አለመቻል ወይም አለመፈለግ ያሳስበናል ይላል። ወዲያው ግን የሚያቀልሉትን ይዘረዝራል፦ ዕዳው የመጣው ከሥራ መባረር፣ ከሕመም፣ ከፍቺ፣ ከአራጣ አበዳሪ ማጭበርበር ከሆነና ሰውየው ያን ጊዜ በኃላፊነት ከተንቀሳቀሰ፤ የገንዘብ ምክር ወስዶ ነገሩ መልክ እየያዘ ከሆነ፤ በቅን ልቦና መክፈል ከጀመረ። በሌላ ርእስ ሥር ደግሞ፣ መጠይቅ ላይ የጎደለ ነገር ያለበት ሰው ሳይያዝ በፊት ቶሎ ካረመው ይታሰብለታል ይላል። በእነዚህ ጉዳዮች የተሰጡት ውሳኔዎችም የሰዎቹ ስም ተሰርዞ ይታተማሉ። አንባቢው እንደ እሱ ያለ ሰው ምን እንደተፈረደለት፣ ለምንስ እንደተፈረደበት ያያል።

እኛ ጋ የሻባክ የውስጥ ደንብና መመሪያ በሕጉ መሠረት ምስጢር ነው። መርማሪው እንዴት እንደሚመረምር ምስጢር መሆኑ ይገባኛል። አንድ የ19 ዓመት ልጅ «በእናቴ ምክንያት የመጣ የስልክ ዕዳ አለብኝ» ብሎ ቢናገር ምን እንደሚገጥመው ምስጢር መሆኑ ግን አይገባኝም። ሰው መናገሩ እንደሚጠቅመው ካላወቀ ይደብቃል፤ የተደበቀ ዕዳ ደግሞ ያ ማጣሪያ ሊያስወግደው የተቋቋመበት አደጋ ራሱ ነው። ስለ ዕዳ ያለው ክፍል፣ እሱ ብቻ እንኳ፣ በግልጽ ቋንቋ ቢታተም ለመንግሥቱም ይበጃል።

መውጫ መንገድ ግን አለ፤ ብዙ ሰው ያላወቀው መንገድ። በሴፕቴምበር 2019 ሥራ ላይ የዋለው የኪሳራና የኢኮኖሚ ማገገሚያ ሕግ ባለዕዳን ከመቅጣት ይልቅ ማቋቋምን ዓላማው አድርጎ ጽፏል። ሕጉ ሲወጣ መለያው 150,000 ሸቀል ነበር፤ ከዚያ በታች የሆነ ዕዳ ያለበት ሰው ጉዳዩን በሆጻአ ላፖአል በኩል ያያል፣ ከዚያ በላይ የሆነው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው የኪሳራ ጉዳይ ኃላፊ ይሄዳል። ሥርዓቱ እንዲከፈት ትእዛዝ ሲሰጥ ባለገንዘቦቹ ሁሉ የጀመሩት የማስፈጸም ሥራ ይቆማል። የሰውየው ገቢና ንብረት እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ በሚችል ጊዜ ይጠናል፤ ከዚያ እንደ አቅሙ የሚከፍልበት ጊዜ ይወሰናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት። ሲጨርስ ሄፍቴር፣ ማለትም ከቀሪው ዕዳ ነፃ መውጫ፣ ያገኛል። የልጅ ቀለብ፣ የመንግሥት ቅጣትና በማታለል የመጣ ዕዳ ግን በዚህ አይፋቅም። ጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው ከ1972 ጀምሮ ባለው ሕግ የሚሠራው የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ አለ፤ ገቢው ዝቅተኛ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል።

ለወታደሩ ደግሞ ታሽ አለ። ለተቸገረ ቤተሰብ የሚሰጥ ወርሃዊ ክፍያ፣ በዕረፍት ጊዜ የመሥራት ፈቃድ፣ እርዳታና ብድር በእሱ በኩል ነው የሚጠየቀው። ባለፉት ዓመታት ከማኅበረሰባችን ልጆች ወደ ወታደራዊ እስር ቤት የገቡት ከቁጥራችን ጋር ሲነጻጸር በጣም ብዙ እንደነበሩ በተደጋጋሚ ተዘግቧል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ቤት ለመርዳት ሳያስፈቅዱ ሥራ መሄዳቸው ነበር። ታሽን ማናገር እንደ ልመና የሚቆጥሩ ወላጆች አሉ። «ልጄ ጻቫ ገብቶ ይለምን?» ያሉኝ አባት አሉ። ጋሼ፣ ልጁ የሚጠይቀው ሕግ የሰጠውን ነው።

አንድ የምጠይቀው ነገር አለ፤ ለሠራዊቱም፣ ለፔታህ ቲክቫ ማዘጋጃ ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍልም፣ ለቄሶቻችንና ለሽማግሌዎቻችንም። ልጅ 17 ዓመት ገደማ ሆኖት ጻቭ ሪሾን፣ የመጀመሪያው ጥሪ፣ ሲመጣለት ዓይኑ ይታያል፣ ዕብራይስጡ ይፈተናል፣ ጤናው ይጠየቃል። በዚያው ሰሞን ወላጆች በአማርኛ ይነገራቸው፦ ልጁ 18 ሲሞላው በስሙ ውል አታስፈርሙ፣ በስሙ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ የእሱ ነው፣ ሳይከፈት አይደር። ልጁም የደኅንነት መጠይቁን ከመሙላቱ በፊት ከእስራኤል ባንክ የብድር መረጃ ሪፖርቱን ያውጣ። ማንም ሰው በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ ያገኘዋል። ከዚያ ሆጻአ ላፖአል በስሙ ፋይል መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ። ካለ ቁጥሩን፣ የባለገንዘቡን ስም፣ እንዴት እንደመጣና ለመክፈል ያደረገውን ስምምነት በአንድ ወረቀት ጽፎ ከመጠይቁ ጋር ያያይዝ። ለአጎት ወይም ለአክስት ዋስ ከሆነም እዚያው ይጻፈው። ዕቁብ ካለበትም ይጻፍ፤ የማያውቀው መርማሪ ምን እንደሆነ ይጠይቀው፣ እሱም ያስረዳው።